ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ደላላው መጀመሪያ በመጣ ቀን በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ማግ ማግ አደረገና፣ «ቤቱ ማሻአላህ ጥሩ ነው፤ ግን እህቴ፣ ልጅ ልጅ ይሸታል» አለኝ።

«ሦስት ልጅ ያለበት ቤት ምን እንዲሸት ፈለግህ? ቤንዚን?»

ሳቀ። ታላቅ ወንድሜም አብሮት ሳቀ። እኔ ለማሳቅ አልተናገርኩም። ትንሿ ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት፤ መካከለኛው ቀሚሴን ይዞ ቆሟል፤ ታላቋ የሰውየውን ጫማ ትኩር ብላ ታያለች። ሳያወልቅ ነው ምንጣፉ ላይ የወጣው። ከዳገቱ ያመጣውን ጭቃ አባቴ ሲሰግዱበት በኖሩት ምንጣፍ ላይ እያተመ፣ የእኔን ልጆች ሽታ ይቆጥራል!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ቤቱ የአባቴ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ዳገቱን ቆርጠው የሠሩት የጭቃ ቤት። ሦስት ክፍል፣ ከፊቱ ጠባብ ግቢ፣ ከጀርባው ተራራ። አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። እሱ ኮምቦልቻ ወርዶ የቤት መሥሪያ ዕቃ ይሸጣል። እኔ አባቴን ሳስታምም ቆየሁና እዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ቀን ብናገኘው ነው።

ቤቱ ይሸጥ ሲባል አልተቃወምኩም። የሁለታችን ነው። ወንድሜ ሱቁን ሊያስፋፋበት ይፈልጋል፤ እኔም ኮምቦልቻ ብወርድ ልጆቼ አባታቸውን ሲያልፍ ሲያገድም ያዩታል። ስለዚህ ንዴቴ በመሸጡ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ኋላ ወንድሜ ሌላ ነገር ስላስወራብኝ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ መኖሪያ መሆኑ ቀረ። ነሐሴ ነው፤ ደሴ ጉም ውስጥ ተደብቃ ፀሐይን በሳምንት አንዴ የምታይበት ወር። ስልኬ ይጮሃል። «በሃያ ደቂቃ ሰው ይዤ እመጣለሁ፤ ቤቱን አዘጋጂው» ይላል ደላላው። ሃያ ደቂቃ! እስቲ እናንተ በሃያ ደቂቃ ሦስት ሕፃን ከአንድ ቤት ውስጥ አጥፉ። ፖፖውን ከአልጋው ሥር ወደ ጓሮ፤ ከምድጃው በላይ የተሰጣውን የሽንት ጨርቅ እርጥቡን ከደረቁ ሳልለይ ወደ ጆንያ፤ የገንፎውን ድስት ከነገንፎው ወደ ጎረቤት። ጫማ ስሰበስብ ሁልጊዜ አንድ እግር ይጎድላል፤ እንግዳው ሲመጣ ያች የጎደለችው መሐል ወለል ላይ ትገኛለች። ከዚያ ትንሿን አዝዬ፣ ሁለቱን በእጄ እየጎተትኩ፣ በጉም ውስጥ ወደ ጎረቤቴ እሮጣለሁ።

ጎረቤቴ አሮጊት ናቸው፤ ክርስቲያን፣ የፍልሰታ ጿሚ። እሳቸው እየጾሙ ለልጆቼ ቆሎ ይቆሉላቸዋል። «ኧረ አንቺ ልጅ፣» ይሉኛል መስኮታቸው ሥር አስቀምጠውኝ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቤት የሚሸጥ ሰው ጉድጓዱን ሲደብቅ ነው የማውቀው። ልጆቹን የሚደብቅ ያየሁ አንቺን ነው።»

«ልጅ ያለበት ቤት ያረጀ ይመስላል ተብሎ ነው እትዬ።»

«ልጅ የሌለበት ነው የሚያረጀው። የእኔን አታይውም?»

አንድ ቀን እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጠን የሰው ድምፅ ከቤታችን ሲሰማ፣ የሰባት ዓመቷ ታላቋ ልጄ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «እማ፣ ሰዎቹ ሲመጡ የምንደበቀው ምን አጥፍተን ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ቆሎ አፏ ውስጥ ጨመርኩላት። እኔም እንደዚያ ነው የመለስኩላት፤ በሚታኘክ ነገር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ በወንድሜ ላይ ስፈርድ የእኔንም እንድታስታውሱት።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ።

የውስጠኛው ክፍል ጀርባ ከተራራው ጋር ይዋሰናል። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ከላይ ይሰርግና በዚያ ግድግዳ ላይ ያልባል። ልጆቼ «ግድግዳው አለቀሰ» ይሉታል። አባቴ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ዶማቸውን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ይወጡና የውሃውን ቦይ ይከፍቱ ነበር። ከእሳቸው በኋላ እኔ ነኝ የምከፍተው። ቦዩ ከተከፈተ ግድግዳው ያልባል እንጂ ምንም አይሆንም። ካልተከፈተ ግን ምን እንደሚሆን እኔና ወንድሜ እናውቃለን። ልጆች ሆነን አንድ ክረምት አባቴ ታመው ሳይቆፍሩ ቀሩ። ነሐሴ ላይ ከቁርኣን ቤት ስንመለስ የግድግዳው ማዕዘን ወድቆ፣ ጭቃው በሙሉ እኔና እሱ አብረን በምንተኛበት መደብ ላይ ተከምሯል። የወንድሜ ብርድ ልብስ ጫፉ ብቻ ይታይ ነበር። መትረፋችንን ስታይ እናቴ እልል ብላ አለቀሰች፤ እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አባቴ ግድግዳውን መልሰው መረጉት፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ከላይ እስከ ታች እንደ ጠባሳ ቀረ። ክረምት ክረምት እዚያ ክፍል ሰው አይተኛም። የቤታችን ሕግ ነው።

ደላላው ስንጥቁን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ይሄ ነገር ሰው ያስደነግጣል ሀጂ።» ወንድሜን ሀጂ ነው የሚለው። ወንድሜ መካን በቴሌቪዥን እንጂ አላያትም፤ ግን አላረመውም።

«ምንም ችግር የለም፤ ለሳኝ እልካለሁ» አለ ወንድሜ።

የላከው ለሳኝ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ደህና ባለሙያ ነው፤ እጁን አላማም። ግን ቆላ ነው የለመደው። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ፣ ግድግዳውን ለስኖ እጁን እያራገፈ፣ «በሦስተኛው ቀን ቀለም ይቀባል» አለ።

«በስንተኛው?»

«በሦስተኛው።»

«አንተ ሰው፣ ይህ ኮምቦልቻ አይደለም። እዚህ የሕፃን ሸሚዝ በሦስት ቀን አይደርቅም፤ ግድግዳ ይደርቃል?»

«አብሽሪ እህቴ፤ ሲሚንቶ እኮ ነው።»

ለወንድሜ ደወልኩ። «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ግድግዳ እስከ ጥቅምት አይደርቅም። ውሃው ከውስጥ ነው የሚመጣ። ከፊት ብትደፍነው የት ይሂድ?»

«አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ። ሲሚንቶ ስሸጥ ስንት ዓመቴ ነው?»

«አንተ ሲሚንቶውን ትሸጣለህ፤ እኔ ከግድግዳው ጋር እኖራለሁ።»

ዘጋው። ያ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሀረጎ ቁልቁለት ምን ምን እንደሚያስረሳ እንጃ። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ወርዶ፣ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ፣ ያደገበትን ብርድ ረሳው። የደሴ ልጅ የደሴን ግድግዳ በኮምቦልቻ ፀሐይ ሲያሰላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ቀለም ተቀባ፤ ወተት የመሰለ ነጭ።

ጎረቤቴ ሊያዩ መጥተው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ» አሉ። ከዚያ እኔን አዩና፣ «ለእናንተስ ለሼኩ እንበል መሰል» ብለው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

ሳምንት አልቆየም። መጀመሪያ ቀለሙ እንደ ብጉንጅ አበጠ። ቀጥሎ ያበጠው ፈረጠና ቡናማ እድፍ ወጣ፤ በየቀኑ እየሰፋ የሰሐን ያህል፣ የሰፌድ ያህል ሆነ። የአምስት ዓመቱ መካከለኛው ልጄ ማለዳ ማለዳ እየሄደ ያያታል። «እማ፣ ዛሬ ሰፌድ አህላለች» ይላል፤ አክላለች ማለቱ ነው። ለእሱ ከብት እንደ ማርባት ነበር።

ወንድሜ መጥቶ አየ። እንዲህ ስል ነበር ብዬ ልጮህበት ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን የእናቴን ቁም ሳጥን ጎን ያዘ። «ነይ፣ በዚያ በኩል ግፊ።»

ገፋሁ። በትከሻዬ ገፋሁ! ማንም አላስገደደኝም። ቁም ሳጥኑ ወለሉን እየፋቀ ሄዶ እድፉ ላይ ግጥም አለ። ወንድሜ ወደኋላ ሸሸት ብሎ አይቶ፣ «አየሽ? እንዲያውም ክፍሉን አሳመረው» አለ። ያን ዕለት የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ምሳ ሳቀርብ የልጆቹን ሰሐን ጠረጴዛ ላይ አጋጨኋቸው፤ ታላቋ ልጄ ሳታለቅስ ዓይኗ ብቻ ሞላ።

አባቴ ምን ሻጭ እንደነበሩ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም።

አባቴ የበቅሎና የበሬ ነጋዴ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ደህና ሻጭ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የከብቱን ዓይብ ይናገራል፤ ጉድለቱን፣ ክፉ ዐመሉን፣ ያለበትን በሽታ። ብዙው ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም፤ አባቴ ግን ሳይጠየቁ ነው። እጃቸውን በቅሎዋ አንገት ላይ ያሳርፉና፣ «ዓይቧን ልናገር፤ ሰምተህ ግዛ» ይላሉ። «ይህች በግራ ከቀረቧት ትራገጣለች። ውሃ ስታይ ትደነብራለች። ሌላው ደግ ነው።» ገበያተኛው ይሥቅባቸዋል። «እኚህ ሰውዬ በቅሏቸውን ሊሸጡ ነው ሊከሱ የመጡ?» ይላቸዋል። እሳቸው አይስቁም። «ዓይቡን ደብቄ የሸጥኩት በሬ ሰው ቢወጋ፣ ቀንዱ የእኔ ነው» ይሉ ነበር።

እና ያን ጊዜ የበቅሎዋን ገመድ ይዞ አጠገባቸው የሚቆመው ማን መሰላችሁ? ወንድሜ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር በርበሬ ተራ ሆኜ ከሩቅ ነው የሰማሁት። እሱ ግን ገመዱን ይዞ፣ ከአባቴ ክንድ ሥር ሆኖ ነው የሰማው። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አያውቅም እንዳልል ያውቃል።

መስከረም ገብቶ ጉሙ ገለጥ ማለት ሲጀምር አንዲት ገዢ መጣች። ከጅዳ የተመለሰች ሴት ናት፤ ከእኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። አንድ ልጅ በእጇ ይዛለች፤ ሌላው ሆዷ ውስጥ ነው። ያን ቀን ልጆቼን ይዤ ለመውጣት ጊዜ አልነበረም፤ ደላላው ሳይደውል ነው ይዟት የመጣው። አብሯቸው የመጣው ወንድሜ ከእነሱ ፊት ቀድሞ ገባና መካከለኛውን ልጄን ወደ ጥግ ወሰደው። እኔ ደጅ ልብስ እያነሳሁ በበሩ በኩል አያለሁ። ቁጢጥ ብሎ ከኪሱ እፍኝ ሙሉ ከረሜላ አወጣ። አንዱን ፈቶ አፉ ውስጥ፣ አንዱን በሌላው ጉንጩ፣ የቀረውን በኪሱ ጨመረለት። ከዚያ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ቁም ሳጥኑ ጠቆመ። ልጄ ራሱን ነቀነቀ።

ልጮህበት ነበር፤ ግን ሰው አለ፤ ልብሱን ደፍ ላይ ጥዬ ገባሁ።

ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ክፍሎቹን ቀስ ብላ አየች፤ ግድግዳ ስትነካ በመዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ነው፤ እንዳታቆሽሽብን። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ነው የኖርኩ» አለችኝ እየሳቀች። «የራሴን ልጥረግ ብዬ ነው።» ውስጠኛው ክፍል ስንደርስ ቆመችና ተነፈሰች። «ይሄ ለልጆቼ ነው። ጸጥ ያለ ነው። ቁም ሳጥኑን አውጥተን፣ አልጋቸውን እዚህ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ።»

«ልክ ነሽ፤ ለልጅ የሚሆን ክፍል ነው» አለ ወንድሜ።

ለልጅ የሚሆን! የእሱ ብርድ ልብስ ጫፍ ያኔ የታየኝ ያህል ታየኝ።

ሴትየዋ ወደ ልጄ ጎንበስ አለች። «አንተስ ጎበዝ፣ እዚህ ነው የምትተኛው?»

ልጄ አጎቱን አየ። እኔን አየ። ጉንጮቹ እንደ አይጥ አብጠዋል፤ በአገጩ ቀይ ምራቅ ይወርዳል። «አልናገርም» አላት። «ከረሜላ በልቻለሁ።»

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ደላላው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን መሐል ላይ ተሰበረ፤ እያየሁት ስለነበር ነው።

አምስት ዓመቱ ነው። ዝም ለማለት ዋጋ እንዳለው ተምሯል፤ ዋጋውንም ተቀብሏል፤ እንደ ደህና ሰው ቃሉን ሊጠብቅ ይታገላል። ያን ቀን ወዲያው አልጮህኩም። እጄን በእናቴ ቁም ሳጥን ላይ አሳረፍኩና ሳላስበው የወጣው ቃል የእኔ አልነበረም።

«ዓይቡን ልናገር፤ ሰምተሽ ግዢ።»

ወንድሜ በጅራፍ የተመታ ያህል ዞረ።

«እዚህ ጀርባ ስንጥቅ አለ። በሲሚንቶ ደፍነነው፣ ሳይደርቅ ቀለም ቀብተነው፣ በቁም ሳጥን ሸፍነነዋል፤ እኔም ገፍቻለሁ። ውሃ ከተራራው ይመጣል። ሰኔ ሳይገባ ከኋላ ያለው ቦይ ካልተከፈተ ይህ ግድግዳ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ወድቋል፤ በእኔና በእሱ መኝታ ላይ። ቦዩ ከተከፈተ ምንም አይሆን። ክረምት ክረምት ግን እዚህ ልጅ አታስተኚ። ሌላው ደግ ነው።»

«አጃኢብ!» አለ ደላላው። «እህቴ፣ ለጤናሽ ነው?»

«አንተ ጫማህን አውልቅ!» ብዬ ያን ጊዜ ጮህኩበት። አንድ ወር በሆዴ ይዤው የቆየሁት ነው። «ሰው የሚሰግድበት ቤት ነው! አሁኑኑ አውልቅ!»

ሰውየው በድንጋጤ እውነትም ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሊፈታ ጀመረ።

ሴትየዋ ቁም ሳጥኑን እንድንገፋ ጠየቀች። ወንዶቹ ሲያመነቱ እሷና እኔ ገፋነው፤ እርጉዝ ናት፣ በክርኗ እያገዘች። እድፉን አየች። ጣቷን ብታሳርፍበት ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተላጠ። ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። «አላህ ይስጥሽ እታለም» አለችኝ፤ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አልፈርድባትም።

ከዚያ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

«መሸጥ ስለማትፈልጊ ነው!» አለኝ ወንድሜ። «መውጣት ስላልፈለግሽ ነው እንጂ፣ ለሰው ልጅ አዝነሽ አይደለም!»

«ሽጠው! ማን ከለከለህ? ዓይቡን ተናግረህ ሽጠው!»

«ዓይብ፣ ዓይብ! አባባ ዓይብ ሲያወሩ ኖረው ምን ይዘው ሞቱ? አንድ የተሰነጠቀ ቤት!»

«ለልጄ ዝም ማለትን በከረሜላ አስተማርከው! ገመዱን ይዘህ አልነበር? ከአባቴ ብብት ሥር ቆመህ አልሰማህም? ያ ጭቃ የተከመረው በማን ብርድ ልብስ ላይ ነበር?»

ልጄ በመሐላችን ቆሞ ከኪሱ የተረፈውን ከረሜላ አንድ በአንድ እያወጣ ለአጎቱ እየመለሰለት ነበር። የበላውን ሁለቱን ግን መመለስ አልቻለም፤ በዚያ ነው ያለቀሰው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር ሙሉውን። መውጣት አልፈልግም ነበር ወይ? ትንሽ ትንሽ አዎ። አባቴን በሕመማቸው ያጠብኩበት ቤት ነው፤ ሦስተኛ ልጄን ያማጥኩበት ነው። ወንድሜ የተናገረው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተቃጠልኩ። ቢሆንስ? እኔ መውጣት ባልፈልግ ያ ግድግዳ መውደቁን ይተዋል?

ቤቱ በኅዳር ተሸጠ። ግድግዳው በፀሐይ ደርቆ፣ እድፉ እንደ ካርታ ቀርቶ፣ ቁም ሳጥኑ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ። ገዢው ሲመጣ ወንድሜ ደጅ ሆኖ ጠራኝ፤ «ነይ፤ አንቺ ተናገሪ፤ ምላስሽ ለምዷል» አለኝ። ለማብሸቅ ነው። እኔም ገብቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ሰውየው ስልኩን እየነካካ ሰማኝና እጁን አወናጨፈ። «ምን ቸገረኝ እህቴ፤ የፈለግሁት ቦታውን ነው። ላፈርሰው ነው።»

ሊያፈርሰው! ያ ሁሉ ቀለም፤ ያ ሁሉ ፖፖ ማሸሽ፤ ልጆቼን በጉም ውስጥ መጎተት፤ ላፈርሰው ነው ለሚል ሰው። ፈረምን። ዕቃችንን ጭነን ኮምቦልቻ ወረድን።

እዚህ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ሙቀቱ ልጆቼን መጀመሪያ አሳከካቸው፤ አሁን ለምደውት ራቁታቸውን ይሮጣሉ። ልብስ በአንድ ሰዓት ይደርቃል። ከወንድሜ ጋር አንነጋገርም ብል ውሸት ነው፤ ሱቁ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ በኢድ አብረን በልተናል። ልጆቼ ይወዱታል። እኔ ግን ከረሜላውን ይቅር አላልኩትም።

በግንቦት መጨረሻ ደሴ ላይ ደመና መቆሙን ከዚህ ከታች ሳይ ያ ቦይ ትዝ አለኝ። ቤቱ ፈርሷል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ቦዩ ተመልሶ ይመጣብኛል። አንድ ቀን ልጆቹን ለአከራዬ ሰጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ ስወጣ ጎረቤቴ ከሩቅ አዩኝ። «መጣሽ?» አሉኝ፤ የጠበቁኝ ይመስል። በትራቸውን ወደ ቤታችን አነሱ። ጣሪያው እንዳለ ነው። በሽቦው ላይ የሽንት ጨርቅ ተሰጥቷል።

ሰውየው አላፈረሰውም። እስኪያፈርሰው ድረስ አከራይቶታል።

አንኳኳሁ። ልጅ ያዘለች ወጣት ከፈተችልኝ፤ ሌላ ትንሽ ልጅ በእግሯ መሐል ብቅ አለ። ቤቱ ልጅ ልጅ ሸተተኝ።

«አሰላሙ አለይኩም። የዚህ ቤት ልጅ ነኝ» አልኳት። «ያከራየሽ ሰው ስለ ውስጠኛው ክፍል የነገረሽ ነገር አለ?»

«ምን ይነግረኛል?» አለች ግራ ገብቷት። «ልጆቼ ናቸው የሚተኙበት።»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አልጋው ያቺ ከጅዳ የመጣችው ሴት ያለችው ቦታ ላይ ነው፤ ግድግዳውን ተጠግቶ። ትራሱ ላይ የተላጠ ነጭ ቀለም ተራግፏል። ገዢውን፣ ወንድሜን፣ ደላላውን፣ የራሴንም ትከሻ በሆዴ ረገምኩ። ከዚያ እጄን በግድግዳው ላይ አሳረፍኩና ነገርኳት። ዓይኗ እየሰፋ ሰማችኝ፤ እንደ ገበያተኛው አልሳቀችም።

«ዶማ አለሽ?» አልኳት።

«ከጎረቤት እዋሳለሁ።»

«ቦዩን አሳይሻለሁ፤ በልቤ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያዢልኝ» አልኳት፤ እኔ በራስጌ፣ እሷ በግርጌ፣ አልጋውን አነሣነው።